የግል መዋኛ ከነምስክሮቹ

የከተማዬን ስም አልጽፍም። ስም የጋራ ነገር ስለሆነ በእኛ ዘንድ ማንም አይጠራውም፤ ስንኖርባት «እዚህ» እንላታለን፣ ስንርቃት «እዚያ»። እኔ «እዚያ» እያልኩ ብዙ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። በሩቅ አገር የድልድይ ሥራ ተምሬ ተመለስኩ። ስመለስ የተማርኩት ልክ ይሁን የተወለድኩበት ልክ ይሁን መለየት አቃተኝ፤ አርፎ መቀመጥም አልሆነልኝ። ቀን ከተማዋን ስዞር እውላለሁ፣ ሲመሽ የዞርኩትን ስጠራጠር እቆያለሁ።

በመጣሁ ሰሞን የወንዙ ድልድይ ግማሽ ሳንቃው ረግፎ አገኘሁት። ሰዉ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ ይዞ ይሻገራል። ከሁሉም ፊት የሚሄደው «ዳባሽ» ይባላል፤ ጫማ በማያውቅ ውስጥ እግሩ ሳንቃውን እየዳበሰ ሰው የሚመራ ባለሙያ ነው። የተከበረ ሥራ ነው፤ ልጁን ለዳባሽ የዳረ ሰው ጦሙን አያድርም። አንዳንዴ ዳባሹ ይስታል። ያን ጊዜ «እከሌን ውኃ ወሰደው» ይባላል እንጂ የድልድዩ ነገር አይነሳም።

ወደ ከተማው ሸንጎ ሄድኩና «ድልድዩ ሊወድቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሙያዬ ነው» አልኳቸው።

«የትኛው ድልድይ?» አሉኝ በትሕትና።

በመስኮታቸው በኩል ጠቆምኳቸው። ሁሉም ጣቴን ተመለከቱ። አንደኛው እንዲያውም የተማረ ሰው ጣት ያስታውቃል ብሎ አመሰገነኝ።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ማንያህልሻል የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አባቴ ሲሞት ያሳደገችኝ እሷ ነች። ሳትስቅ ሰማችኝና መጨረሻ ላይ ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ ይህንን ሰው ፊት ተናገርከው?»

«ተናገርኩ።»

«ወግ ነው! አንተ በሌለህበት ሕግ ወጥቷል። ‹ያየ ይጠግን› ይላል። አንዷ መንገዱ ላይ ጉድጓድ አየሁ ብትል አካፋ ሰጧት። አንዱ የገበያው የውኃ ማጠራቀሚያ ያፈሳል ቢል እስኪጎብጥ ድረስ ጭቃ ተሸከመ። ከዚያ ወዲያ የጋራ ነገር የሚያይ ሰው ጠፋ።»

«ክፉ ሕግ ነው» አልኳት።

«ክፉስ አይደለም። ሰነፍ ሕግ ነው። ሥራውን ሁሉ ላየው ሰው ጣለና ሌላውን ገላገለ።»

እሷ ራሷ ያን ድልድይ ካየችው ቆይቷል። ሲሠራ ግን የመጀመሪያውን ገመድ በጥርሷ ነክሳ፣ ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ሳለ ዋኝታ ያሻገረችው እሷ ነበረች። ያኔ ከተማው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ አይቷታል፤ ያዩት ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋል። ሐኪሙ ድካሙ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን አልደበቀንም፤ በጋው ሲያልቅ ክንዶቿም እንደ እግሮቿ ይሆናሉ።

አንድ ቀን ከወንበሯ ሆና እንዲህ አለችኝ፦ «እግር የሚያስፈልገው ለመሬት ነው። ውኃ እግር አይጠይቅም። ክንዴ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ ልግባና ልየው።»

ወንዙ አይሆንም። ቆዳ ፋቂው እድፉን፣ ባለ በረቱ የሞተ ከብቱን ይጥልበታል፤ የጋራ ስለሆነ ማንም አያየውም። «ደግሞም» አለች፣ «ሰው በሌለበት ነው የምፈልገው። ማንያህልሻልን ገመድ ነክሳ ያየ ሰው እንደ ግንድ ስትንሳፈፍ እንዲያያት አልፈቅድም። ማንም ሊያየኝ ነው ከተባለ ወንበሬ ይሻለኛል።»

የግል መዋኛ ያለው የእረፍት ቤት ለአንድ ሳምንት ልከራይላት ወሰንኩ። የተማርኩት ይጥቀም አይጥቀም እጠራጠር ይሆናል፤ ይህን ግን አልተጠራጠርኩም።

ሸጋው የሚባል ደላላ አገኘሁ። ገና ሰላም ስንባባል «ዶክተር» አለኝ።

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ይሁን፣ ዶክተሬ። ቤት ከሆነ ሐሳብ አይግባዎ! የሚያስቀና ቤት ነው የማሳይዎ።»

የመጀመሪያው ቤት ዋናው ጎዳና ላይ ነበር። መዋኛው ከበሩ ፊት ለፊት ተቆፍሯል፤ ውኃው ሰማይ ይመስላል። ዙሪያውን ግን የድንጋይ መቀመጫ እንደ ደረጃ ተደርድሮ፣ በላዩ ወንዱም ሴቱም በርጩማ በርጩማውን ይዞ ተቀምጧል። አንዷ ልብስ ትሰፋለች፣ ዓይኗ ግን ከውኃው አይነሳም።

«ቤቱ ለቅሶ አለበት እንዴ?» አልኩት።

«ምስክሮቹ ናቸዋ!»

«የምን ምስክር?»

«የግልነቱ ነዋ። ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳልገባበት ካላዩ የግል መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«በሩን በመዝጋት።»

ሸጋው ለእኔ አፍሮ ዙሪያውን ተመለከተ። «ዶክተር፣ ቀስ ብለው ይናገሩ። በተዘጋ በር ውስጥ ማን እንዳለ ማን ያውቃል? ለመሆኑ እዚያ ምን ያስተምሩዎት ነበር?»

ነገሩን ያኔ ተረዳሁት። የጋራውን ላለማየት ሥራ የፈታው ዓይን ሁሉ በግል ሥራ ገብቷል። የግል የጓሮ አትክልት አንድ ምስክር ይበቃዋል፤ የግል ጉድጓድ ጥንድ ይፈልጋል። መዋኛ ግን ከግል ሁሉ የበለጠ ግል ስለሆነ ሙሉ ማኅበር ይቀመጥለታል። የምስክሩ ብዛት ለባለቤቱ ክብር ነው፤ ሰው ሲጣላ «አንተን ማን ያይሃል!» ብሎ ይሰዳደባል።

ሁለተኛው ቤት መዋኛው ጣሪያ ላይ ነው ሲለኝ ደስ አለኝ። ወጣን። በአራቱም ማዕዘን ከጣሪያው የሚበልጥ ማማ ተተክሎ፣ በየማማው ላይ ምስክሮች መነጽር ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው እጁን አውለበለበልኝ።

«ይህኛው ለባለ ሥልጣን ነው» አለ ሸጋው በኩራት። «ባለፈው የተከራዩት ሰው ሙሉ ሳምንት አንድ ጊዜም ውኃ አልነኩም። ምን ያህል የግላቸው እንደሆነ አዩልኝ!»

ስንመለስ በአንድ ትልቅ ግቢ አጠገብ አለፍን። በሩ ተገንጥሏል፤ ውስጡ ሰፊ መዋኛ፣ ውኃው አረንጓዴ፣ እንቁራሪቱ እንደ ገበያ ይንጫጫል። አንድ ሰው እንኳ የለም። «ይህስ ቤት?» አልኩት። ሸጋው አንገቱን ወደ ሰማይ አቀና። «የትኛው ቤት?» አለ፤ እርምጃውንም አፈጠነ።

ለአክስቴ ስነግራት ግቢውን አወቀችው። «የባለቤቱ አማት ያረባቻት በግ ዘላ ገባችበት። ሌላ ነፍስ ከገባበት ግል መሆኑ ቀረ፣ የጋራ ሆነ ማለት ነው። የዚያኑ ቀን ሁሉም ጥሎት ሄደ።» ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «ምስክር ካለ ተወው፣ ልጄ። አልገባም።»

አልተውኩትም። ማየት ግዴታ ከሆነ፣ በደንብ የማያይ ምስክር ይኖራል ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ሸጋውን ፈልጌ «ምስክሮቹ ያረጁበት ቤት አለህ?» አልኩት።

«ያረጁ ማለት?»

«ዓይናቸው ሞራ የለበሰ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ሰው መዋኛ ሲመርጥ ጥልቀቱን ይጠይቃል፣ የውኃውን ጥራት ይጠይቃል። ሞራ የጠየቀኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«አለህ ወይስ የለህም?»

«የሚያሳፍር ሆነ እንጂ መኖሩስ አለ።»

ከከተማው ዳር፣ የድንጋይ አጥር ያላት ትንሽ ቤት ወሰደኝ። መዋኛዋ ከመኝታ ቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ መግቢያዋ ደረጃ ሳይሆን ለስላሳ ተዳፋት ነው፣ አክስቴን አዝዬ ለመግባት የተሠራ ይመስላል። ምስክሮቹ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። አንደኛው ሽማግሌ ከውኃው በተቃራኒ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ግድግዳውን በትጋት ይመሰክራል። ሌላዋ አሮጊት እኔን «ሸጋው» ብላ፣ ሸጋውን «የተከበሩ እንግዳ» ብላ ተቀበለችን። እዚያው ላይ ተስማማሁ።

ሳምንታችን በገባ ቀን አክስቴን አዝዬ መጣሁ። በሩ ላይ የዓይን አለቃው ጠበቀን። ቢያድግልኝ ይባላል፤ የከተማዋን ምስክር ሁሉ የሚመድበው እሱ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ መነጽሩ ጥቁር ነው። «ዓይን እንደ ቢላ ነው፣ ያለ ሥራ ሲመዘዝ ይደነዝዛል» ይላል፤ ስለዚህ መነጽሩን የሚያወልቀው ለግል ነገር ብቻ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። «ለተማረ ሰው የደበዘዘ ዓይን መመደባችን አሳፍሮን ምስክሮቹን ለውጠናል።»

ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ሽማግሌዎቹ የሉም። በቦታቸው ንስር የሚመስሉ ጎረምሶችና ልጃገረዶች ጀርባቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከዚያ ርቀት የሸሚዜ ቁልፍ መላላቱን ነገረኝ።

አክስቴ ጀርባዬ ላይ ሆና ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ደበቀች።

«ቢቀርብን» አልኩት አለቃውን፣ «የፊተኞቹ ይበቁናል።»

«ትሕትናዎን አደንቃለሁ። አሁን መሐላው። የመዋኛው ባለ ግል ማን ነው?»

«እሷ ናት።»

«ባለ ግል በእግሩ ቆሞ ነው የሚምለው። ሕጉ ነው።»

እኔ ማልኩ። ቢያድግልኝ መነጽሩን አወለቀ፤ ከሥሩ የሕፃን የመሰለ ንጹሕ ዓይን ወጣ። «ከዚህ ሰው በቀር ነፍስ ያለው ሁሉ እንዳይገባበት እዩ!» አለ። «አየን! የእሱ ነው!» ብለው ምስክሮቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው ለመናገር ያስቸግራል። አክስቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ውኃውን ታያለች፤ ምስክሮቹም ያዩታል። ምሳቸውን የምናበላቸው እኛ ነን፤ ሲጎርሱ እንኳ ዓይናቸውን ስለማይነቅሉ ወጡ ደረታቸው ላይ ይፈስሳል። አንድ ቀን አንሶላ በገመድ ሰቅዬ መዋኛውን ለመጋረድ ሞከርኩ።

«የተጋረደ ግል የለም» አለኝ ቢያድግልኝ፣ አንሶላውን በጥንቃቄ አጣጥፎ እየመለሰልኝ።

«ሰው ገላውን የሚታጠበው ተጋርዶ አይደለም ወይ?»

«እርስዎ ሲታጠቡ ማንም ስለማያይ፣ ገላዎ የእርስዎ መሆኑን በምን ያረጋግጣሉ?»

ይህ ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ አስጨንቆኝ እንደነበር አልክድም።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ይውጡልን» አልኩት ሌላ ቀን። «ለአንድ ሰዓት ብቻ የማን ይሁን?» አለኝ። ልጃገረዶቹን ለመንኩ፤ አዘኑልኝ፣ አንዷም እንባዋን ጠረገች፤ እየጠረገችም ቢሆን በሌላኛው ዓይኗ ታይ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት አክስቴ ቁርሷን ገፋ አደረገችው። እጇን ወደ ፊቷ አንስታ አየችው። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ኩባያው ዛሬ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ» አለች።

ኩባያውን ከፊቷ አነሳሁት።

«ወደ ውኃው ውሰደኝ።»

«ያዩሻል።»

«ይዩኝ።»

«እንደ ግንድ ስንሳፈፍ እንዲያዩኝ አልፈልግም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። እፍረቴን ስጠብቅ ክንዴ ሊያመልጠኝ ነው። ዓይናቸውን ሞልተው ይዩኝ! ሲበቃቸው ይተዉታል።»

«ሌላ ሰው ገባ ብለው ያባርሩናል እኮ።»

«እርጥብ ሆኜ ልባረራ! ደርቄ ከምሸኝ።»

አዘልኳት። ተዳፋቱ ላይ ስደርስ ምስክሮቹ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ምራቅ ሲውጡ ይሰማ ነበር። አክስቴ ጀርባዬን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ውኃው ወገቤ ሲደርስ «ልቀቀኝ» አለች። አልለቀቅኳትም። «ልቀቀኝ አልኩህ፣ አንተ ልጅ!» ብላ ጆሮዬን ነከሰችኝ። ለቀቅኳት።

ሰጠመች። ቀሚሷ ብቻ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከላይ ቀረ። እጄን ስሰድ ከእጄ አምልጣ ከወዲያኛው በኩል ብቅ አለች። አንዱ ክንዷ ውኃውን ሳበ፤ ከዚያ ሌላው። እግሮቿ ከኋላዋ እንደ ሁለት ጨርቅ ተከትለዋት ሄዱ፣ ምንም አልከለከሏትም። ዳር ደርሳ ዞረች። በጀርባዋ ተገለበጠች። ሙላት ሲሻገር የነበረው ያ ገላ የት ተደብቆ እንደኖረ አላውቅም፤ ስሙ ሲጠራ የሰማ ይመስል ወጣ።

«ሌላ ነፍስ ገባ!» የቢያድግልኝ ድምፅ ነበር። «ግልነቱ ፈረሰ! የጋራ ነው!»

ጩኸት ጠበቅኩ። የሰማሁት የበርጩማ ኮሽታ ብቻ ነው። ምስክሮቹ እንደ አንድ ሰው ተነስተው፣ በርጩማቸውን አዙረው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ቢያድግልኝ ጥቁር መነጽሩን አጠለቀና ጀርባውን ሰጠን።

አክስቴ አላወቀችም። ርዝመቱን ሁለቴ ተመላልሳ፣ መሐል ላይ ተንሳፍፋ ፀጉሯን ከፊቷ አራገፈች። ሳቋ ግቢውን ሞላው።

«አያችሁ?» ብላ ጮኸች። «እናንተ ንስሮች! አያችሁኝ?»

ጀርባ ብቻ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» አለችኝ።

«የጋራ ሆንሽ፣ አክስቴ። አያዩሽም።»

«ሳምንቱን ሙሉ እንዳያዩኝ ስጸልይ ከርሜ...» አለች፤ ውኃውን በእጇ መታችው። «አሁን ልታይ ብዬ ስገባ! አንተ ጎረምሳ፣ አንተ ቁልፍ ቆጣሪው! ዞር በል እስቲ፣ ማንያህልሻል ነኝ!»

ጎረምሳው አንገቱን ይበልጥ ወደ ሰማይ አቀና። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተስ?»

ከእኔ በፊት ቢያድግልኝ መለሰላት፣ ሳይዞር፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፦ «እሳቸውም አያዩም። ቢማሩም የአገር ልጅ ናቸው።»

ሁሉም ጀርባ የእኔን መልስ ይጠብቅ ነበር። በሩቅ አገር ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንዲህ አጭር መልስ ያለው ግን አልገጠመኝም።

«አያለሁ» አልኩ።

«በደንብ ያስቡበት።»

«እያየኋት ነው። ክንዷን አያለሁ፣ ውኃውን አያለሁ። የመዋኛው ጠርዝ መሰንጠቁንም አያለሁ።»

«ያየ ይጠግን» አለ ቢያድግልኝ፤ ፍርድ የሰጠ መስሎት።

«እጠግናለሁ።»

ይህ ቃል በከተማው ከተነገረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ቢያድግልኝ በርጩማውን አንስቶ ወጣ፤ ምስክሮቹም እርስ በርስ ትከሻ ተያይዘው ተከተሉት። አክስቴ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከውኃው አልወጣችም።

ጠርዙን በማግስቱ ጠገንኩት። ከዚያ እጄ ሥራ ስለለመደ፣ መዶሻ፣ ሚስማርና ሳንቃ ይዤ፣ አክስቴን ከነወንበሯ በጋሪ ጭኜ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። መግቢያው ላይ ቆሜ አየሁት። ተሻጋሪው በሁለት በኩል ተከፍሎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ አለፈኝ። ሸጋውም ከዳባሹ ኋላ ተሰልፎ መጣ፤ ዓይኑን በእጁ ሸፍኗል።

«ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት? ስምዎ ይጠፋል እኮ! ማን ቤት ያከራይዎታል ከእንግዲህ?»

«ዓይንህን ሸፍነህ እኔ መሆኔን በምን አወቅክ?» አልኩት።

እርምጃውን አፍጥኖ አለፈ። በጣቶቹ መካከል ግን ክፍተት ነበር።

ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ሳንቃ መታሁ። ሚስማሩ ጠመመ፤ በትምህርት ቤት ሚስማር መምታት አልተማርንም ነበር። ሌላ አነሳሁ። አክስቴ ከዳር ሆና፣ ገመድ ነክሳ የተሻገረችበትን ወንዝ ቁልቁል እየተመለከተች ነበር። አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከግራ እግርህ ሥር ያለው በስብሷል» አለችኝ።

ወደ እሷ ዞርኩ። «አየሽው?»

«አየሁት» አለች፤ የሚንቀጠቀጥ እጇንም ወደ እኔ ዘረጋች። «ሳንቃውን ነቅለህ እዚህ ጭኔ ላይ አምጣልኝ። መዶሻውንም አቀብለኝ።»